አድራሻ የሌለው ሐብሐብ፦ መንግሥት በፀረ-ተባይ የተበከለ ፍራፍሬ ሲይዝ ምን ይሆናል?

በአሜሪካ ሐምሌ 4 የነፃነት በዓል ነው። ቤተሰብ በየግቢው ሥጋ ይጠብሳል፤ ከሥጋው በኋላ ቀዝቃዛ ሐብሐብ ይቆረጣል። በ1985ቱ በዓል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐብሐብ የበሉ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ያልባቸው፣ ያስመልሳቸውና ያስቀምጣቸው ጀመር። ዓይናቸው ያለ ለቅሶ ያነባል፣ ጡንቻቸው በራሱ ጊዜ ይርገበገባል። የልብ ምታቸው የዘገየም ነበሩ። ሐብሐቡ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲመረመር አልዲካርብ የተባለ ፀረ-ተባይ ተክል ውስጥ ሲለወጥ የሚሰጠው መርዘኛ ቅሪት ተገኘበት። ግዛቱ የሐብሐብ ሽያጭ አገደ፤ ሕዝቡም የገዛውን እንዳይበላ ተነገረው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የተወገደው የተበከለው ሐብሐብ ብቻ አልነበረም። በሱቅ መደርደሪያ፣ በመጋዘን፣ በጭነት መኪና ላይ የተገኘው፣ ንጹሑም ጭምር፣ እንዲጠፋ ተደረገ። አብዛኛው ገበሬ ያጠፋው ጥፋት አልነበረም፤ አብዛኛው ሐብሐብም መርዝ አልነበረበትም። ነገር ግን አንዱን ሐብሐብ አንስቶ «ይሄ ከእገሌ እርሻ የመጣ ነው» ሊል የሚችል ሰው አልተገኘም። ሐብሐቡ ከየእርሻው ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ ተደባልቆ፣ እንደገና ተጭኗል። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉም ይጣላል።

ስለ እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «መርዙ ምን ያህል ነበር?» ብለን ነው። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ እመለስበታለሁ። ከሱ እኩል የሚከብደው ግን «ፍሬው ከየት መጣ?» የሚለው ይመስለኛል። ያን ዓመት ከሐብሐቡ ጋር በተያያዘ መታመማቸው የተመዘገበው ሰዎች ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። መኪናው ድንበር ተሻግሮ ስለነበር በኦሪገን፣ በዋሽንግተን ግዛትና በካናዳም የታመሙ ነበሩ። በሰሜን አሜሪካ በምግብ ውስጥ ባለ ፀረ-ተባይ የደረሰ ከዚህ የሰፋ መመረዝ አልተመዘገበም።

መርዙ ሥጋው ውስጥ ሲገባ

አልዲካርብ ገበያ ላይ የሚታወቀው ቴሚክ በሚለው ስሙ ነበር፤ አምራቹም ዩኒየን ካርባይድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። እንደ ሌሎቹ አይረጭም። እንደ ደቃቅ ጠጠር ተደርጎ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይሟሟል፣ ሥሩ ይመጠዋል፣ በግንዱ ወጥቶ ቅጠልና ፍሬ ድረስ ይዘልቃል። ቅጠሉን የሚመጥ ነፍሳት መርዙን ከነጭማቂው ይጠጣል። ለጥጥ ገበሬ ይህ ትልቅ ግልግል ነበር። ለድንችና ለሌሎች ጥቂት ሰብሎችም በመጠን ተፈቅዶ ነበር። ለሐብሐብ ግን ፈጽሞ አልተፈቀደም።

እናቶቻችን ፍራፍሬ ገዝተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጠብ ነው። ልማዱ ጥሩ ነው፤ ላዩ ላይ የቀረ አቧራ፣ ጀርምና የርጭት ቅሪት በሚፈስ ውሃና በእጅ መታሸት ብዙው ይለቃል። አልዲካርብ ግን ላዩ ላይ አይደለም። ከቀዩ ሥጋ ጋር፣ ከውሃው ጋር ነው ያለው። ልጣጩን በሳሙና ብትፈትጉት ለውጥ የለውም።

ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን ለመረዳት ነርቭ ከጡንቻ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማወቅ ይበቃል። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር»፣ ዕጢን «አመንጭ» የሚለው አሴቲልኮሊን በተባለ መልእክተኛ በኩል ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ መልእክተኛውን ወዲያው የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ እሱ ባይኖር ትእዛዙ ማቆሚያ አይኖረውም። አልዲካርብ ይህን ኢንዛይም ጠፍሮ ይይዘዋል። መልእክተኛው ይከማቻል፣ ትእዛዙ ይደጋገማል፦ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ መርገብገብ። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ልብ ይዘገያል። ነፍሳቱን የሚገድለውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ኢንዛይሙ በኛም በነሱም ውስጥ አለና።

የዚህ ዓይነት መርዝ ወገን ካርባሜት ይባላል። ኢንዛይሙን ከያዘ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ስለሚለቀው ብዙው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ይሻለዋል፤ ለጠናበት ሐኪም አትሮፒን ይሰጣል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ኦርጋኖፎስፌት፣ እኛ አገር በስሙ የሚታወቀው ማላታይን ያለበት ወገን፣ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አልዲካርብ ከሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ሜቲል አይሶሳያኔት ነው። ሐብሐቡ ሰው ከማሳመሙ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1984፣ በሕንድ ቦፓል ከዚሁ ኩባንያ ፋብሪካ ሌሊት አፈትልኮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀው ጋዝ እሱ ነው። ሐብሐቡ ከተጣለ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1985፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በኩባንያው ሌላ ፋብሪካ ለአልዲካርብ መሥሪያ የሚሆን ኬሚካል አፍትልኮ ከመቶ በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። የአንድ መርዝ መንገድ ከፋብሪካው ሰፈር እስከ ቁርሳችን ሳህን አንድ መሆኑን የዚያ ዓመት ያህል ያሳየ የለም።

አንድ ግራም በአሥር ኩንታል

አሁን ወደ መጠኑ። በፀረ-ተባይ ቅሪት ሕግ ውስጥ የሚሠራበት መለኪያ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለ ሚሊግራም ነው። ከሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው። በኛ ሚዛን ስናስበው፣ አሥር ኩንታል ብርቱካን ውስጥ አንድ ግራም። አውሮፓ ኅብረትና ጃፓን የተለየ ገደብ ላልተሰጠው ፀረ-ተባይ በጥቅሉ የሚያስቀምጡት ጣሪያ ደግሞ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፦ በሺህ ኩንታል አንድ ግራም። የዛሬ ላቦራቶሪዎች ይህን ያገኛሉ፤ አንድ ናሙና ላይ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀረ-ተባዮችን ይፈትሻሉ።

ቁጥሩ እንዴት ይወጣል? በመጀመሪያ በእንስሳት ላይ ሙከራ ይደረጋል፤ ጉዳት ያልታየበት ከፍተኛ መጠን ይያዛል። ሰው ከእንስሳው ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል ተብሎ በአሥር ይካፈላል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ በሽተኛ ከሌላው ይለያሉ ተብሎ እንደገና በአሥር። አሜሪካ በ1996 ባወጣችው ሕግ ለሕፃናት ሲባል እንደ አስፈላጊነቱ ሌላ አሥር እጥፍ ጥንቃቄ ይጨመራል። በዚህ የሚገኘው ሰው በየቀኑ ዕድሜ ልኩን ቢወስደው አይጎዳውም የሚባለው መጠን ነው።

ፍሬው ላይ የሚቀመጠው ጣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ሌላ ቁጥር ነው፤ ሰው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው የሚወጣው ከእርሻ ሙከራ ነው። ገበሬው መለያው ላይ እንደተጻፈው ቢረጭ፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የመጠበቂያ ቀን ቢያከብር፣ ፍሬው ላይ ምን ያህል ይቀራል? ያ ቁጥር ለጤና ከተቀመጠው መጠን ጋር ተመዛዝኖ ሲያልፍ ጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያውን አልፎ የተገኘ ፍሬ ሁሉ የበላውን ያሳምማል ማለት አይደለም። አንድ ሰው በትክክል አለመርጨቱን ግን ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። ለዚያ ሰብል ፈጽሞ ያልተፈቀደ ኬሚካል ሲገኝ ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ጣሪያው ዜሮ ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ሕግ ተጥሷል። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ከሚያዙት ጥሰቶች የሚበዙት እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው።

የ1985ቱ ሐብሐብ ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ነበር። ያልተፈቀደ ነው፤ ደግሞም ያሳምማል። እንደ አልዲካርብ ባለ መርዝ ላይ ዕድሜ ልክ የሚለው ስሌት አይረዳም፤ የሚያሰጋው አንድ ሰው በአንድ ተቀምጦ የሚበላው ነው። በበጋ ሙቀት ሐብሐብ የሚበላ ሰው ስንት ኪሎ እንደሚበላ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ናሙና አወሳሰዱም የራሱ ችግር አለው፦ ብዙ ፍሬ አንድ ላይ ተፈጭቶ ሲመረመር ውጤቱ አማካይ ነው፣ መርዙ የከፋበት አንዱ ፍሬ በንጹሖቹ መካከል ይደበቃል። ሰው ግን አማካይ አይበላም፤ አንዱን ነው የሚበላው።

ለለንደን የታጠበ ፖም

መንግሥት ፍራፍሬ መያዝ የጀመረው አልዲካርብ ከመፈጠሩ ብዙ ዓመት በፊት ነው። የዚያን ጊዜው መርዝ አርሴኒክ ነበር። ሌድ አርሴኔት የተባለው የእርሳስና የአርሴኒክ ውሁድ በ1890ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለዛፍ ትል ተብሎ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የፖምና የፒር እርሻዎች ዋና መርጫ ሆነ። የፖም ትል መርዙን እየለመደ ሲሄድ ገበሬው ርጭቱን ደጋገመው። ፍሬው ላይ በዓይን የሚታይ ነጭ ዱቄት ይቀር ጀመር። በ1919 የቦስተን ከተማ ጤና መምሪያ ከምዕራብ የመጣ ፒር ላይ ይህን አይቶ ፍሬውን እየያዘ አስወገደ።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ የራሷ መራራ ትዝታ ነበራት። በ1900 ማንቸስተርና አካባቢው ቢራ የጠጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአርሴኒክ ተመርዘዋል፤ ምክንያቱ ለቢራው በገባው ስኳር ሥራ የዋለው አሲድ ነበር። ጉዳዩን ያጣራው ንጉሣዊ ኮሚሽን በምግብ ውስጥ በኪሎ 1.4 ሚሊግራም ገደማ አርሴኒክ እንዳያልፍ መከረ። ስለዚህ በ1925 ለንደን ውስጥ የአሜሪካ ፖም የበሉ ሰዎች ሲታመሙ እንግሊዞች መለኪያው በእጃቸው ነበር። ካላጸዳችሁ አንገዛም አሉ።

የአሜሪካ ምላሽ ዛሬም ሲነበብ ያማል። በ1927 ለውጭ ገበያ የሚወጣው ፖም በእንግሊዙ መለኪያ እንዲያልፍ ሲደረግ፣ አገር ውስጥ ለሚበላው የተቀመጠው ጣሪያ የሱ ሁለት እጥፍ ተኩል ነበር። እስከ 1932 ድረስ ነው ቀስ በቀስ ወርዶ ከእንግሊዙ የተካከለው። ለሕዝቡም በይፋ አልተነገረም፤ ገበያው ይሰበራል፣ አምራቹ ይከስራል ተብሎ ነገሩ በባለሥልጣናትና በአምራቾች መካከል ተያዘ። የቺካጎ ልጅ የሚበላው ፖም የለንደን ልጅ ከሚበላው ይበልጥ መርዝ ተፈቅዶለት ነበር ማለት ነው። በፍራፍሬ ንግድ ውስጥ ይህ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣል፦ ንጹሑ ለላኪ፣ የቀረው ለአገሬው።

ከዚያ ዘመን አንድ መልካም ነገርም ወጥቷል። ማሸጊያ ቤቶች ፖሙን በቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማጠብ ጀመሩ፤ አርሴኒኩ ላዩ ላይ ስለነበር ይለቅ ነበር። የተያዘ ፍሬ ታጥቦ ተመርምሮ ወደ ገበያ የሚመለስበት መንገድ ተገኘ።

ክሱ በፍሬው ላይ ነው

በአማርኛ ዜና ውስጥ «ታገደ»፣ «ተያዘ»፣ «ተወረሰ»፣ «ተወገደ» እየተባለ ሲቀያየር እሰማለሁ። ልዩነት አላቸው። እገዳ ማለት ውጤቱ እስኪመጣ ፍሬው ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። መያዝና መውረስ ፍሬው ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በሕግ ሥር ሲሆን ነው። ማስወገድ መጨረሻው ነው፤ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መውረስ የሚደረገው በፍርድ ቤት ነው፤ አሠራሩም ለኛ ጆሮ እንግዳ ነው። የሚከሰሰው ነጋዴው ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው። የመዝገቡ ስም «አሜሪካ ከይህን ያህል ሳጥን ፖም ጋር» ዓይነት ይሆናል። በ1916 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ የታወቀ መዝገብ ተከሳሹ 40 በርሜልና 20 ትንንሽ በርሜል የኮካ ኮላ ሽሮፕ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሲያዝዝ የፌዴራል ማርሻሎች ዕቃውን ይይዛሉ። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ቀርቦ መከራከር ይችላል፤ ወይም ዋስትና አስይዞ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ፊት ዕቃውን አስተካክሎ ሊወስድ ይችላል። የቀረበ ከሌለ ይወገዳል።

አርሴኒክ ያለበት ፖም ሊስተካከል ይችላል፤ ይታጠባል። አልዲካርብ የጠጣ ሐብሐብ ምን ተደርጎ ይስተካከላል? ምንም። የቀረው መንገድ ማስወገድ ብቻ ነው።

ፍራፍሬ ደግሞ ፍርድ ቤት አይጠብቅም። በሳምንት ይበሰብሳል። ናሙና ወስዶ ውጤት እስኪመጣ ከለቀቁት ተበልቶ ያልቃል፤ ከያዙት ንጹሕ ቢሆን እንኳ ገበሬው ይከስራል። ስለዚህ ሕጎች ፈጣን መንገድ ያበጃሉ። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2002 ጀምሮ ያለ ፍርድ ቤት ምግብን እስከ 30 ቀን አግዶ ማቆየት ይችላል፤ ከ2011 ጀምሮ አምራቹ እምቢ ካለ ከገበያ እንዲሰበሰብ ማዘዝም ይችላል። ካሊፎርኒያ ከ1926 አንስቶ የራሷን ናሙና እየወሰደች ትመረምራለች፤ ከሱቅ፣ ከጅምላ ገበያ፣ ከወደብ። ከውጭ የሚገባ ፍሬ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከዚህ በፊት የተያዘበት ላኪ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ የሚልከው ሁሉ ንጹሕ መሆኑን ራሱ በላቦራቶሪ ወረቀት እስኪያሳይ በር ላይ ይቆማል።

በ1985 ሳምንት ሳይሞላ ካሊፎርኒያ ሐብሐብ እንደገና እንዲሸጥ ፈቀደች። የተፈቀደው ግን እርሻው ተመርምሮ ማረጋገጫ ያገኘው ብቻ ነበር። ማለትም ሐብሐቡ ወደ ገበያ የተመለሰው አድራሻ ካገኘ በኋላ ነው። ያ አድራሻ ከበዓሉ በፊት ቢኖር ኖሮ የሚጣለው የጥቂት እርሻዎች ምርት በሆነ ነበር።

ማን ይክፈል?

ያላጠፋ ገበሬ ምርቱ ሲወገድ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? ለዚህ የ1959ኙ የክራንቤሪ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ክራንቤሪ አሜሪካኖች ለምስጋና ቀን ከተርኪ ጋር የሚበሉት ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ኅዳር 9 ቀን 1959፣ በዓሉ ሁለት ሳምንት ተኩል ሲቀረው፣ የጤናና ትምህርት ሚኒስትሩ አርተር ፍሌሚንግ በኦሪገንና በዋሽንግተን ከተመረተው አንዳንዱ አሚኖትራያዞል የተባለ ፀረ-አረም ተገኝቶበታል አሉ። ኬሚካሉ አይጦች ላይ የታይሮይድ ካንሰር ማምጣቱ ታይቶ ነበር። አንዲት የቤት እመቤት የገዛችውን ከየት እንደመጣ ካላወቀች ምን ታድርግ ተብለው ሲጠየቁ፣ ለደኅንነቷ አትግዛው የሚል መልስ ሰጡ። እንደገና አድራሻ! የማሳቹሴትስ ክራንቤሪ በማስጠንቀቂያው ውስጥ አልነበረም፤ ግን አንድ ላይ ወደቀ።

ፖለቲከኞቹ ሲሯሯጡ ታዩ፦ ሪቻርድ ኒክሰን ለምርጫ ቅስቀሳ በሄደበት ክራንቤሪ በላ፣ ጆን ኬኔዲ ጭማቂውን ጠጣ። መንግሥት የተመረመረና ንጹሕ የተባለውን እየለየ መለያ እያስለጠፈ ለቀቀ። በኋላም ጥፋት ለሌለባቸው አምራቾች በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ካሣ ከፈለ። በኔ እምነት ካሣው ትክክል ነበር። ገበሬ ንጹሕ ሆኖ የሚከስርበት አሠራር ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ችግር ሲያይ አይናገርም፤ ይደብቃል።

የጆንያው ቡና

ወደ እኛ ስንመጣ ቡና አለ። ቡናም የፍሬ ዘር ነው። ጃፓን በ2006 አዲስ የቅሪት ሕግ ሥራ ላይ አዋለች፤ የተለየ ገደብ የሌለው ሁሉ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ጣሪያ ሥር ገባ። በ2008 ከኢትዮጵያ የገባ ቡና ላይ ሊንዴንን የመሰሉ፣ የዓለም ገበያ ከተዋቸው የቆዩ ፀረ-ተባዮች ቅሪት ተገኘ። ጃፓን ከቡናችን ዋና ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ሽያጩ ክፉኛ ወደቀ። የጓሮና የጫካ ቡናችን አብዛኛው መርዝ የሚባል ነገር ሳይነካው የሚያድግ ነው። ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ ነበር፤ ሌላ ነገር ተይዞበት የነበረ ወይም መድኃኒት የነካው ጆንያ። ገበሬው ያልረጨውን መርዝ ቡናው ከጆንያ ወሰደ፤ ስሙ የጠፋው ግን የኢትዮጵያ ቡና ነው። ቅሪት ከርጭት ብቻ አይመጣም፦ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ፣ ካለፈው ዓመት አፈር፣ ከመኪናው ወለል፣ ከማሸጊያው ይመጣል።

«መድኃኒት» ያልኩት በልማድ ነው፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው። ገበሬው «መድኃኒት ረጨሁ» ይላል፤ ሻጩም «ለቲማቲም የሚሆን መድኃኒት አለ» ይላል። ቃሉ ራሱ ያዘናጋል። መድኃኒት ያልነውን ነገር ጓንት አድርገን አንነካውም፣ ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብን አንጠይቅም፤ ትንሽ ጨምረን ብንረጭ ይበልጥ የሚያድን ይመስለናል። ያ መጠበቂያ ቀን የተጻፈው ደግሞ ዕቃው ላይ ባለው መለያ ላይ ነው። ገበሬው የሚገዛው በትንሽ በትንሹ ሃይላንድ ላይ ተቀድቶ ከሆነ፣ መለያው ከትልቁ ዕቃ ጋር ሱቅ ቀርቷል።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ (እነዚህ ሁለቱ ዓመቶች በኛ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ፎሶሊያ የአውሮፓ መለኪያ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ አትክልት ተራ የሚራገፈው ቲማቲም በዚያ በር አያልፍም። ከመቂና ከዝዋይ የመጣው ከሌላው ጋር በእንጨት ሳጥን ተደባልቆ፣ ከደላላ ወደ ጅምላ፣ ከጅምላ ወደ ጉልት ሲደርስ የማን እርሻ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ነገ አንድ ሳጥን ላይ ችግር ቢገኝ ልክ እንደ ካሊፎርኒያው ቀን ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀራል፦ ሁሉን መጣል ወይም ዝም ማለት። ሁሉን መጣል ለደሃ አገር ከባድ ነው፤ ስለዚህ የሚመረጠው የትኛው እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ለመጀመር ትልቅ ላቦራቶሪ መጠበቅ አያስፈልግም። ሳጥኑ ላይ የቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ ስም፣ የተለቀመበት ቀን፣ የመጨረሻው ርጭት ቀን በጠመኔ ቢጻፍ እንኳ የሚጣለውን ከመቶ ሳጥን ወደ አሥር ያወርደዋል።

አልዲካርብ ራሱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በ2010 ኋላ የምርቱ ባለቤት የሆነው ባየር የተባለ ኩባንያ ምርቱን ደረጃ በደረጃ ለማቆም ከአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጋር ተስማማ። ኋላ ሌላ ኩባንያ ለጥጥና ለጥቂት ሰብሎች እንደገና አስመዘገበው። በጥር 2021 ድርጅቱ ለፍሎሪዳ ብርቱካንና ግሬፕፍሩት ፈቀደ፤ የፍሎሪዳ ግብርና መሥሪያ ቤት አልተቀበለም፣ በዚያው ዓመት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም ፈቃዱን ሻረው።

እኛስ እንደ በላተኛ? ፍራፍሬ መተው አይደለም፤ ፍራፍሬ አለመብላት የሚያመጣው ጉዳት የተረጋገጠ ነው። በሚፈስ ውሃ አሽታችሁ እጠቡ፣ የሚላጠውን ላጡ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ከአንድ ቦታ አትግዙ። ነጭ ዱቄት ወይም የኬሚካል ሽታ ያለበትን መልሱ። ከበላችሁ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ላብ፣ እንባ፣ ምራቅ፣ ማስመለስና የጡንቻ መርገብገብ አንድ ላይ ከመጡ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ምን እንደበላችሁና በስንት ሰዓት እንደበላችሁ ንገሩ። የተረፈውን ፍሬ ግን አትጣሉት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ልጆች እንዳይነኩት አድርጉ፣ ከማን እንደገዛችሁትም ጻፉበት።